ፍሬው ዘይቱና የደብሊው ፍች

ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት ፍሬው ገላዬ ሲያርፍ፣ በሱቁ የውጭ ግድግዳ ላይ የጀመረው ጽሑፍ አላለቀም ነበር። አሮጌው ጽሑፍ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል። በላዩ በሰማያዊ አንድ ሙሉ መስመርና የሌላው ግማሽ ተጽፏል፤ ሁለተኛው መስመር «መኪናህ የሚያድርበት» ይልና እዚያው ይቆማል። ለምን እንደቆመ የታወቀ ነው። ረቡዕ ዕለት የንፋስ መውጫ ከተማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ እርጥቡ ቀለም ላይ ለጠፈበትና «ነገ እጨርሰዋለሁ» አለ፤ ነገው አስተርእዮ ማርያም ሆነች፤ ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ከተማ ጉዳይ ነበረው፤ ቅዳሜ ጧት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ከእነዚህ ቀናት በስንፍና ያለፈ አንድም የለም።

ዕድሜውን በትክክል መጻፍ ያስቸግራል። የቀበሌ መታወቂያው በ1955 ተወለደ ይላል፤ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ በ1957 ይላል። እሱን ሲጠይቁት «እንደ ሞተር ዘይት ነኝ፤ በመለኪያ ዘንጉ ታችኛና ላይኛ ምልክት መካከል እስከሆንኩ ድረስ ምን አስጨነቃችሁ?» ይል ነበር። ስለዚህ እዚህም በመካከሉ ይያዝለት።

በአባቱ ስም የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ለንፋስ መውጫ ሾፌር ሁሉ «ፍሬው ዘይቱ» ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና ግራሶ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጎን በገዛ እጁ በቆፈረው ጉድጓድ ላይ መኪና እያስቆመ ዘይት ይቀይራል። ወጣት ሳለ በወረታና በወልድያ መካከል በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ ሱቁን የከፈተው በ1985 ነው። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ ከመናኸሪያው ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ዘይት ካየ ዝም ብሎ አያልፍም፤ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መካከል ያሻል፣ ያሸታል፣ ወደ ፀሐይ ይዞ ያያል። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ባንቺዓለም ለፍልሰታ የገዛችውን የኑግ ዘይት እንዲሁ በጣቱ ሲያሽ አግኝታው «እሱን እንኳ ለኔ ተውልኝ» ብላዋለች።

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በአንድ ጥያቄው ነበር። ሾፌር መጥቶ ዘይት ሲጠይቀው የመኪናውን ዓይነት አይጠይቅም፤ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሠራም አይጠይቅም።

«የት ነው የምትውል?» ይላል።

«ወገዳ።»

«ቆላ ትነካለህ በላ። ሃምሳ!»

ብሎ ወፍራሙን፣ ቁጥር ሃምሳውን ዘይት ያወርዳል። ውሎው ወረታ ለሆነ ሰው ግን በጣሳው ላይ ከቁጥሮቹ መካከል የደብሊው ፊደል ያለችበትን ይሰጣል፤ አሥራ አምስት ደብሊው አርባ፣ ወይም ሃያ ደብሊው ሃምሳ። ከንፋስ መውጫ ለማይርቅ ደግሞ ቀጭኑን፣ ቁጥር ሠላሳውን። ይህን ሥርዓት ያስተማረው የለም። የመጀመሪያዋን ባለ ደብሊው ጣሳ ያየ ቀን ፊደሏ ምን እንደሆነች ቢጠይቅ የሚመልስለት አጣ፤ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ ከስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ በተረፈችው ዕውቀት ራሱ ፈታት። አገር ማለት ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ነው። ደብሊው ማለት እንግዲህ ወይና ደጋ ናት። ፊደሏ የሌለችበት ወፍራሙ የቆላ፣ ፊደሏ የሌለችበት ቀጭኑ የደጋ። ይህንኑ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈው፤ ሾፌሮች በስልካቸው ፎቶ አነሡት። ሁለት ሾፌሮች በዘይት ሲከራከሩ አንዱ «ፍሬው ዘይቱ ብሏል» ካለ ክርክሩ አለቀ። ለፍሬው ከዚህ የበለጠ ሹመት አልነበረም።

ታኅሣሥ 2012 ሲጋመስ ሹመቱ ተፈተነ። ፈተናውን ያመጣበት የአክስቱ ልጅ ደምሌ ነው።

ደምሌ ባጃጁን ሸጦ አንድ አሮጌ ሚኒባስ የገዛው በሚያዝያ ነበር። ጧት ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ በአርብ ገበያ በኩል ወገዳ ይደርሳል፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። ዘይቱን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ያዘዘለት ፍሬው ነው፤ ሃምሳ። ክረምቱ በደኅና አለፈ። ኅዳር ገብቶ ሣሩ ጧት ጧት ነጭ መሆን ሲጀምር ግን መኪናዋ አልነሣ አለች። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ጭቃ ውስጥ እንደገባ በሬ ሁለቴ ያቃስትና ዝም ይላል። ተሳፋሪው እየወረደ ይገፋል። ተነሥታም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ እንደ ባዶ ጣሳ ትንኳኳለች፤ የዘይቷ ቀይ መብራትም ቶሎ አይጠፋም።

«ደምሌ፣ ትኬቱ የመሳፈሪያ ነው የመግፊያ?» ይላል አንዱ።

«እኔ መቀመጫዬን ይዤ ልግፋ ወይስ ቆሜ?» ይላል ሌላው።

«እናንተ ሜዳውን ግፉልኝ፤ ዳገቱን ለኔ ተዉት!» ይላል ደምሌ እየሳቀ። ሳቁ ግን እየቀጠነ ሄደ። አንድ መካኒክ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠና የፒስተኑ ፋሻ፣ ቀለበቱ አልቋል፣ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት አለው። ሞተር ከወረደ ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ መኪናዋ ቢያንስ አንድ ወር ትቆማለች። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ደምሌ ለሦስት ሰርግ ቃል ገብቷል፣ ቤተሰቡም የሚተዳደረው በዚያችው መኪና ነው። ሞተሩ የሚወርድበት ቀን ሰኞ ጥር 4 ሆነ።

«ጋሼ፣ ዘይቱ ይሆን እንዴ?» ብሎ ፍሬውን ሁለት ጊዜ ጠየቀው።

«ዘይቱን ለኔ ተወው» አለው ፍሬው ሁለቱንም ጊዜ። «አንተ ቆላ ነህ፣ ዘይቱም ሃምሳ ነው። ሌላ ነገር ፈልግ።»

ዓርብ ጥር 1 ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ወረቀት ይዛ ሱቁ መጣች። ዮዲት ትባላለች፤ ከእስቴ የመጣች ናት፤ በከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ልታስተምር በኅዳር ነው የተመደበችው።

«አሥራ አምስት ደብሊው አርባ፣ ሁለት ጋሎን ይስጡኝ፣ ጋሽ ፍሬው።»

«የት ነው የምትውል መኪናዋ?»

«መኪና የላትም፤ ሞተር ብቻ ናት። ብረት ላይ ቆማ ተማሪዎች ይማሩባታል።»

«እዚሁ ናት በይኛ! ለሷማ ሠላሳ ነው። ደብሊው ምን ያደርግልሻል? ደብሊው እኮ የወይና ደጋ ነው።»

ዮዲት ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። «የምን?»

«የወይና ደጋ። ደብሊው፣ ወይና ደጋ። ኮሌጅ አላስተማሯችሁም እንዴ?»

ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነላትም። የግራሶ ጣሳ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፍሬውም ሳቅ ስለሚወድ ምክንያቱን ሳያውቅ አብሯት ሳቀ። ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ግን ሰውየው እንዳልቀለደ ገባትና ደነገጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ደብሊው የፈረንጆቹ ክረምት፣ የዊንተር ፊደል ናት።»

«ክረምት?» አለ ፍሬው። «ዝናብና የሞተር ዘይት ምን አገናኛቸው?»

«የእነሱ ክረምት ዝናብ አይደለም፤ ብርድ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሲነሣ ምን ያህል እንደሚፈስ ነው የሚናገር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቶሎ ይፈሳል። ከደብሊው በኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ።»

«ሁለት ዘይት በአንድ ጣሳ?»

«አንድ ዘይት ነው፤ ሁለት ጠባይ ያለው።»

ፍሬው አገጩን ያዘ። «ሃምሳውስ? ብቻውን ያለው?»

«ሲሞቅ ጥሩ ነው። በብርድ ግን ይረጋል፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ማዞር ያቅተዋል፣ ዘይቱም ከሞተሩ ላይኛ ክፍል ያለው ብረት ጋ ለመድረስ ይዘገያል። ቆላ ለምትሠራ መኪና ቢሆን...»

«ደምሌ እኮ ቆላ ነው የሚውል! ወገዳ!»

«የት ነው የሚያድር?» አለች ዮዲት።

 ደምሌ የሚያድረው እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፤ መኪናዋ ቤት ስለሌላት ሜዳ ላይ ታድራለች። ፍሬው በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሾፌሮችን ስለ ውሎ ሺህ ጊዜ ጠይቋል፤ ስለ አዳር አንድም ቀን አልጠየቀም።

ዮዲት ዘይቷን ይዛ ስትሄድ የምታስተምርበትን መጽሐፍ ትታለት ሄደች። ፍሬው እንግሊዝኛውን አላነበበውም፤ ሥዕሉን ግን አነበበው። ከታች የብርድና የሙቀት መለኪያ ተሰምሯል፤ በላዩ ለእያንዳንዱ ዘይት አንድ አንድ ረጅም ዘንግ ተኝቷል። የሃምሳው ዘንግ አጭር ነው፤ ከሙቀቱ በኩል ይጀምርና ብርዱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። የአሥራ አምስት ደብሊው አርባው ዘንግ ግን ከብርዱ ተነሥቶ ሙቀቱን ሁሉ አልፎ ይሄዳል። ፍሬውን ሥዕል ብቻውን አላሳመነውም። ሱቁን ሲዘጋ ከሁለቱም ዘይት ትንሽ ትንሽ ይዞ ገባና በሁለት የሻይ ብርጭቆ ቀድቶ አጥሩ ላይ አስቀመጣቸው።

በማግሥቱ ጧት ፀሐይ ሳትወጣ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ብርጭቆዎቹ ጠርዛቸው ነጭቷል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አጋደማቸው። ባለ ደብሊው ዘይት ጥቂት አመነታና ወረደ። ሃምሳው ግን ልክ እንደ ረጋ ማር ብርጭቆው ጥግ ላይ ተጣብቆ፣ ላንቀሳቅስህ ያለውን ሰው የሚታዘብ መሰለ። ፍሬው ቆሞ ጠበቀው። ቆሞ ሲጠብቅ በሐሳቡ ያየው ዘይቱን አልነበረም፤ በየጧቱ ከደምሌ መኪና ኋላ ተደርድሮ የሚገፋውን ሕዝብ ነው።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ባንቺዓለም ከበሩ ላይ። «በእንግዳ ብርጭቆዬ ምንድን ነው የያዝክ?»

«ስሕተቴን» አለ ፍሬው።

ነገሩን ሁሉ ነገራት። ባንቺዓለም ብርጭቆዎቿን እያዘነች ብታያቸውም ነገሩ ገባት፤ ከገባት በኋላ ደግሞ ቀላል አደረገችው። «በቃ፣ ዝም ብለህ ዘይቱን ቀይርለት። አዲስ ነገር መጣልኝ በለው። ደብሊው ምንም ትሁን ምን ማን ይጠይቅሃል?»

ፍሬው ይህን ራሱም አስቦት ነበር። ዝም ብሎ ቢቀይር ደምሌ ይድናል፣ ግድግዳውም እንደተከበረ ይኖራል። ነገር ግን ሃምሳ ያዘዘው ለደምሌ ብቻ አይደለም። ከባንቺዓለም ጋር ተቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከደምሌ ሌላ በደጋ እያደሩ ቆላ የሚወርዱ መኪናዎች ዘጠኝ ሆኑ። ለዘጠኝ ሰው «አዲስ ነገር መጣ» ማለት ዘጠኝ ጊዜ መዋሸት ነው። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ ከዚያ በኋላ «ፍሬው ዘይቱ ብሏል» የሚለው ቃል ዋጋ ይኖረው እንደሆነ እንጃ።

«ይስቁብሃል» አለች ባንቺዓለም።

«እሱስ ይሳቁ፤ ሳቅ ለምጃለሁ» አለ ፍሬው። «ዳግመኛ ባይጠይቁኝ ነው የምፈራ።»

ደምሌ ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ከወገዳ ሲመለስ ፍሬው መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ደምሌ፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው።»

«ማን አለ?»

«የታመምኩት እኔ ነኝ። ዘይቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ደምሌ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፍሬው የሚያስረዳበትን መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ስለዋለ አልተንተባተበም። «ስማኝ። አሥራ አምስት ደብሊው አርባ የሚለውን ጣሳ ታውቀዋለህ? አሥራ አምስቱ ለላይ ጋይንት፣ ለዚህ ለደጋው ጧት ነው። አርባው ለታች ጋይንት፣ ለቆላው ቀትር ነው። አንተ በሁለቱም ነው የምትኖር፤ እኔ የሰጠሁህ ግን የታቹን ብቻ ነው።»

የደምሌ ደም ወደ ፊቱ መጣ። «ሁለት ወር ሙሉ ሕዝብ ያስገፋኸኝ አንተ ነህ በለኛ! መምህራን ገፍተዋል፣ ነርሶች ገፍተዋል፤ አንድ ቀን ዳኛው ሳይቀሩ ገፍተዋል!»

«ዳኛው ለምን ገፉ?»

«ተከሳሹ አብሯቸው ተሳፍሮ ነበር፤ እሱ ሲገፋ መቀመጥ አፈሩ!»

ፍሬው ሳቁ አመለጠው፤ ደምሌም ሊቆጣ ፈልጎ አቃተውና መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ሲጨርስ ግን ጣቱን ቀሰረ። «ሰኞ ካልተነሣች፣ ጋሼ፣ ሞተሩን በጥርስህ ነው የምታወርደው።»

«ይሁን። ሳትበርድ ጉድጓዱ ላይ አምጣት።»

ዘይት የሚቀየር ሞተሩ ትኩስ እንዳለ ነው፤ ያን ጊዜ ቆሻሻውን ይዞ ጥርግ ብሎ ይወጣል። ፍሬው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ፤ ጥቁሩ ሃምሳ ወደ ባልዲው ወረደ። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትቀር ጠበቀ። ፊልትሮውን አወጣ፣ የአዲሱን ፊልትሮ የጎማ ቀለበት በጣቱ ዘይት ቀባና በእጁ ብቻ አጠበቀው። አሥራ አምስት ደብሊው አርባውን ቀስ አድርጎ ሞላ፤ መለኪያ ዘንጉን እየጠረገ ሦስት ጊዜ አየ፤ ከላይኛው ምልክት እንዳያልፍ ተጠነቀቀ። 

እሑድ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ዋለች። ሰኞ ጥር 4 ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው በብርድ ተኮራምቷል፤ የሰው ሁሉ አፍ ይጨሳል። መካኒኩ መፍቻውን ይዞ መጥቷል። የሌላ መኪና ሾፌሮችም ወሬው ደርሷቸው ተሰብስበዋል። የደምሌ ተሳፋሪዎች ግን ምንም አልሰሙም፤ ትኬታቸውን እንደያዙ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እንደ ልማዳቸው ከመኪናዋ ኋላ ሄደው ተደረደሩ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጋቢያቸውን በወገባቸው አስረው ከመካከል ቆሙ።

ፍሬው ከመኪናዋ መስኮት አጠገብ ቆሟል። 

«ዝግጁ?» አለ ደምሌ በመስኮት።

«ዝግጁ!» አሉ ከኋላ ያሉት፣ ጥያቄው ለእነሱ መስሏቸው፤ ገፉም።

ደምሌ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረና ተነሣ። መኪናዋ ሁለት ክንድ ያህል ወደፊት ሸሸች፤ የሚገፉት ሰዎች የሚደገፉት አጥተው አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁ። ባለ ጋቢው ሰውዬ ከሁሉም በላይ ተዘርግተው «ኧረ ምን አገኘሽ ዛሬ!» ሲሉ መናኸሪያው በሳቅ ተናጋ። ደምሌ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ቀዩዋ መብራት ላይ ተክሏል። መብራቷ ጠፋች። መንኳኳቱ አልመጣም። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ሌላም ጊዜ አዳመጠ፣ መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

«ጤነኛ ነው» አለ እያፈረ።

የዚያን ጊዜ ፍሬው የመኪናዋ ደረጃ ላይ ወጣና የመናኸሪያውን ሾፌር ሁሉ ተጣራ። ሃያ ሰባት ዓመት የተናገረው ስሕተት እንደነበረ፣ ደብሊው ወይና ደጋ እንዳልሆነች፣ ግድግዳው ላይ የጻፈው እንደሚፋቅ ነገራቸው። አንድ ሁለት ሰው አፏጨ። በረከት የሚባል የፒክአፕ ሾፌር እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«እና ደብሊው ምንድን ናት በላ?»

ፍሬው ይህን አላሰበበትም ነበር። «የፈረንጆች ክረምት» ቢል ዝናብ ይመስላቸዋል፣ ልክ እሱን እንደመሰለው። ማዶ ያለውን ሜዳ አየ፤ ሣሩ እንደ ጨው ነጭቷል።

«ውርጭ!» አለ። «ደብሊው ማለት ውርጭ ናት! ከውርጭ በፊት ያለው ቁጥር የማደሪያህ ነው፤ ከውርጭ በኋላ ያለው የመዋያህ!»

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፍሬው ከደረጃው ላይ ሆኖ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። የፈራው ይህችን ሰዓት ነበር። ከዚያ በረከት ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«በል የኔን ቀይርልኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ባትሪ ስቀይር ከረምኩ» አለው። «እንዴት ነው የምትጠይቀን ከዛሬ ጀምሮ?»

«የት ነው የምታድር?» አለ ፍሬው።

የበረከት ሚስት እዚያው ትኬት ትቆርጥ ነበርና ብድግ አለች። «ተናገር! እኔም ልስማ!»

በዚያ ሳምንት ጉድጓዱ ላይ ወረፋ ነበር። ዮዲት የውርጭን ፍች በሰማች ጊዜ ተማሪዎቿን ደብተር አስወጥታ አስጻፈቻቸው፤ የራሷ መጽሐፍ በአንድ ቃል እንዲህ እንዳላለው ለፍሬው ነገረችው። የደምሌ መኪና የመጀመሪያዎቹን ሙሽሮች የያዘችው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ሳትገፋ ደርሳ ሳትገፋ ተመለሰች። ከዘጠኙ ሰዎች ስምንቱን ፍሬው እስከ ጥር 19 ድረስ በመናኸሪያውም በየቤታቸውም አገኛቸው። አንዱ ሰደበው፣ አንዱ ጠላ አስቀዳለት፣ የቀሩት ሳቁ።

ዘጠነኛዋ ውባንቺ ነበረች። አርብ ገበያ የምትኖር የለስላሳ አከፋፋይ ናት፤ ፒክአፗ በሳምንት ሁለት ሌሊት ንፋስ መውጫ ለጭነት ታድራለች። ስልኳ አልነሣ ብሎት ነበር፤ ቢነሣም በስልክ የሚባል አልመሰለውም። ከሌሎቹ ሁሉ የምትከብደው እሷ ናት። በመስከረም ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ይዛ መጥታ «አሥራ አምስት አርባ ነው የሚል» ብላ ነበር፤ ፍሬው በሰው ፊት «መጽሐፉ ጋይንትን የት ያውቃል?» ብሎ አስቆባት ሃምሳ ሞልቶ ሸኛት።

ዓርብ ጥር 22 ሁለት ጋሎን ዘይት፣ አንድ ፊልትሮና ባልዲውን ይዞ በደምሌ መኪና አርብ ገበያ ወረደ። ገበያው ደርቷል፤ ውባንቺ ሳጥን እያስቆጠረች ነበር። ፍሬው በአህዮቹ መካከል አልፎ ፊቷ ቆመና የመጣበትን በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

«አንተ ፍሬው» አለች፤ ሳጥኖቹን አልተወቻቸውም። «ይህን ልትለኝ ነው ከንፋስ መውጫ የወረድክ?»

«ይህን ልልሽና ዘይትሽን ልቀይር።»

«እና መጽሐፉ ጋይንትን ያውቃል በላ።»

«ያውቃል።»

«አልሰማሁም።»

«ያውቃል!»

«ያ ጨው ሻጭ አልሰማም፤ ያን ዕለት አብሮ የሳቀው እሱ ነበር።»

«መጽሐፉ ጋይንትን ያውቃል!» ብሎ ፍሬው ሙሉ ድምፁን ለቀቀው። ጨው ሻጩ ቀና አለ፤ አንዲት አህያ ደንግጣ ዞረች። ውባንቺ ያን ጊዜ ሳቀችና ቁልፏን ወረወረችለት።

እዚያ ጉድጓድ ስለሌለ መኪናዋን ተዳፋት ላይ አቁሞ፣ ጎማዋን በድንጋይ ደግፎ፣ ማዳበሪያ አንጥፎ ከሥሯ ገባ። አሮጌውን አፈሰሰ፣ ፊልትሮውን ለወጠ፣ አዲሱን ሞላ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አውጥቶ፣ አስነሥቶ አጠፋት፤ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ጠበቀ። መለኪያ ዘንጉን ያወጣችው ራሷ ውባንቺ ናት፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር። በመሐረቧ ጠርጋ መለሰችው።

«በሚቀጥለውም አንተው ና» አለችው። «መጽሐፉን ግን እኔ ነኝ የምይዝ።»

ከዚያ አሮጌውን ዘይት እንዳይደፋው ነገረችው፤ የአጥሯን እንጨት ምስጥ እየበላባት ስለሆነ ልትቀባበት ነው። ፍሬው ባልዲውን አንሥቶ ዘይቱን በጄሪካኗ ገለበጠላት፣ አፉን በጨርቅ ጠረገ፣ ክዳኑን አጠበቀና በሯ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀመጠላት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደምሌ ጥሩምባ ነፋ፤ ፍሬውም ባዶ ባልዲውን ይዞ ወደ ንፋስ መውጫ ተሳፈረ።